ከነፕላስቲኩ

ነይ እህቴ፣ እዚህ ጋ ግድግዳውን ተደግፈሽ ተቀመጪ፤ ያኛው አግዳሚ እግሩ ይንገዳገዳል። ሕፃኗን ወደ ጥላው አዙሪያት፣ ዓይኗን ፀሐይ እንዳያገኛት። ዛሬ ደግሞ ፀሐይዋ ማማሯ። እኔ እዚህ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ቁጭ ስል ጠዋት ጠዋት በመስኮት ገብታ ጀርባዬን ታሞቀኛለች፤ ምን ጎደለኝ እላለሁ። ጣሪያው ላይ ያሉትንስ አየሻቸው? እነዚያ ጥቁር ጥቁር የሚያብረቀርቁት? ሶላሮቹ ናቸው። ፀሐይዋን ይጠጡና መብራት ያወርዱልናል። ላም አለኝ በሰማይ ይባል ነበር ድሮ። እኛ ላሟንም አገኘን፣ ወተቱም ይወርዳል… ማን ጽዋ ውስጥ እንደሚወርድ ብቻ አትጠይቂኝ።

ድምፄ በዛብሽ እንዴ? ልማዴ ነው። ያ “ኃላፊ” የሚል የተጻፈበት በር ገርበብ ብሏል? ተይው አትዝጊው፣ አየር ይግባበት። እዚያ ውስጥ ያሉት ሰው ሥራ ይበዛባቸዋል፣ የእኛን ወሬ ምን ብለው ይሰማሉ? ደግሞም ስለ እሳቸው አይደለም የማጫውትሽ። አንድ ሌላ የማውቃቸው ጠንቃቃ ሰው አሉ… ስለ እሳቸው ነው።

ካርድሽን ስሞላ አይቼዋለሁ። የልጅሽ ዓይን ላይ ነጭ ነገር ወጣ፤ ነርሷ “የዓይን ሐኪም ቶሎ ካላየው ብርሃኗን ይወስደዋል” ብላ ላከችሽ። አይዞሽ። የዓይን ሐኪሟ ትልቁ ሆስፒታል ቁጭ እንዳለች፣ በዚያ በተቆለፈው ክፍል ባለው ስክሪን ታያታለች። ድሮ ቢሆን አውቶቡሱ፣ ማደሪያው፣ ወረፋው፣ የዘመድ ፊት ማየቱ… አሁን ሐኪሟ ራሷ ከነነጭ ጋውኗ ትመጣልናለች። የምትመጣው በወር አንዴ ነው፤ ዛሬ ነው፤ እስከ ምሳ ነው። ምሳ ደግሞ ደርሷል። ግን ምን ጎደለን? መብራት አለ፣ ስክሪን አለ፣ ሐኪም አለች፣ በሽተኛ አለች። የቀረን አንድ ቁልፍ ነው። እሱም አልጠፋም፣ ደህና ኪስ ውስጥ ነው ያለው።

እና ያ የማውቃቸው ሰው… እንዲህ ዓይነት ስክሪን በእጃቸው ገብቶ ነበር። አያያዛቸውን ብታዪ። ካያያዝ ይቀደዳል ይባል የለ? እሳቸው እንዳይቀደድ ብለው ጭራሽ ማንም እንዳይዘው አደረጉ። የጥልፍ ጨርቅ አለበሱት። ከፋብሪካ ተለጥፎ የመጣውን ስስ ፕላስቲክ አልላጡትም፤ ፊቱ ላይ ያለውንም፣ ካሜራዋ ላይ ያለችውንም። “እንዲህ ሆኖ ነው የተረከብነው፣ እንዲሁ ሆኖ ነው የምናስረክበው” አሉ። ለሕዝብ ዕቃ እንዲህ የሚሳሳ ሰው ዛሬ ከየት ይገኛል? እኔን እናቴ እንኳ እንዲህ አልሳሳችልኝም።

ታዲያልሽ የመጀመሪያ ቀን ሐኪሟ በዚያች ፕላስቲክ በኩል ሰው ማየት ጀመረች። አንዱ ገባ፤ ዓይንህ ላይ ሞራ አለ አለችው። ልብስ ሰፊዋ ገባች፤ በጨለማ መርፌ ውስጥ ክር የምታስገባ ሴት እኮ ናት፤ አንቺም ሞራ አለብሽ ተባለች። ዘበኛው ሞራ፣ ሾፌሩ ሞራ። ሐኪሟ ደነገጠች፤ “እናንተ ሰዎች፣ የምትጠጡት ውሃ ምንድን ነው?” አለች። መነጽሯን ጠረገች፣ መልሳ ጠረገች። በመጨረሻ ያ ሰውዬ ሊያመሰግኗት ከፊቷ ቢቀመጡ፣ የእርስዎማ የባሰ ነው፣ ሳይውሉ ሳያድሩ ይታዩ አለቻቸው። ይኸውልሽ ከዚያን ቀን ወዲህ ጥቁር መነጽር አያወልቁም፤ ቤት ውስጥም ቢሆን። ኮሪደሩ ላይ ሲሄዱ ግድግዳ ይዳብሳሉ። ምን ያድርጉ፣ ሐኪም ተናግራ።

በኋላማ ሐኪሟ ነቃች፤ “ካሜራው ላይ የተለጠፈ ነገር ካለ እባካችሁ ላጡልኝ” አለች። እሳቸው ግን በቀላሉ የሚበገሩ ሰው አይደሉም። ዋስትናው ይበላሻል አሉ። እውነታቸውን እኮ ነው። የዕቃ ዋስትና ይበላሻል፤ የሰው ዓይን ዋስትና የለው፣ ምኑ ይበላሻል? ከመላጥ መቆለፍ ይሻላል ብለው ክፍሉን ቆለፉት።

መብራቱንም ቢሆን በከንቱ አይተውትም። ባትሪው ስክሪኑንና የሻይ ውሃ ማፍያቸውን አንድ ላይ አይችልም፤ አንዱ ሲበራ ሌላው ይጠፋል። የትኛው ይቅር ታዲያ? ሻይ ካልተጠጣ ጭንቅላት ይሠራል? ጭንቅላት ካልሠራስ ሰው ይመራል? አሁን የሚንተከተከው ይሰማሻል… የሌላ ሰው ማፍያ ነው። ማፍያ ሁሉ ሲፈላ ድምፁ አንድ ነው መቼም።

ትምህርትስ የሚጠሉ መሰለሽ? ነርሶቹ በዚያው ስክሪን እዚሁ ሆነው ከትልልቅ አስተማሪዎች እንዲማሩ ተብሎ ነበር። እሳቸው፣ እናንተ ልጆች አትልፉ፣ እኔ ተምሬ እነግራችኋለሁ አሏቸው። ተማሩም። ብቻቸውን ቆልፈው ገብተው ተማሩ። ትምህርቱ ስለ ተገልጋይ አያያዝ ነበር። ወንበሩ ይመቻል መሰለኝ፣ ማንኮራፋታቸው እዚህ ድረስ ይሰማ ነበር። ሰርተፍኬቱ መጣ፣ በመስታወት ገብቶ ግድግዳቸው ላይ ተሰቀለ። የሰርተፍኬቱን መስታወት ፕላስቲክ ግን የዚያኑ ዕለት ላጡት፤ አየሽ፣ መላጥ አቅቷቸው አይደለም።

ስስቅ አይተሽ የቀልድ እንዳይመስልሽ እህቴ። ባለፈው ወር አንድ አባት ልጁን ይዞ እዚህ አንቺ ያለሽበት ተቀምጦ ነበር። ምሳ ደረሰ፣ ሐኪሟ ሄደች፣ እሱም ካርዱን አጥፎ ኪሱ ከትቶ ሄደ። አላኮረፈም፣ አልተቆጣም፤ አመስግኖኝ ሄደ። ያን ቀን ቤቴ ገብቼ የቀረበልኝን እራት ሳልነካው መለስኩት። ዛሬ ያንቺ ልጅ በዚያች በደህናዋ ዓይኗ ስትስቅልኝ ዝም ማለት አቃተኝ። ዝምታ ወርቅ ነው ይላሉ፤ ምን ላድርግ፣ ወርቅ አያምርብኝም።

ቆይ… ማፍያው ዝም አለ። ወንበር ተጎተተ። ቁልፍ ነው የሚንሿሿው? መጡ። ተነሺና ሰላም በያቸው። ደረጃዋን ይጠንቀቁ ጋሼ፣ ግራዎ ላይ አግዳሚ አለ። ፊታቸው ቀላ እንዴ? ሻዩ ይሆናል። ይኸው ከፈቱልሽ። እኔ ድሮም ደግ ሰው ናቸው እላለሁ፤ ሰው አላምን ብሎኝ እንጂ።

ከመግባትሽ በፊት ጠጋ በይ። ሕፃኗን ጭንሽ ላይ አድርገሽ ካሜራዋ አጠገብ አስጠጊያት። ልጅ ናት፣ ያብለጨለጨ ነገር ላይ እጇን መላኳ አይቀርም። የፕላስቲኳ ጫፍ ደግሞ ትንሽ ተነስታለች፤ ማን እንዳነሳት እንጃ፣ አይጥ ይሆናል። ሕፃን ላጠችው ተብሎ ማን ይቆጣል? ሂጂ በይ።

… 

ምን ሆነሽ ነው የምታለቅሺው? ምን አለችሽ? ልጅሽ ገና እንደላጠችው ሐኪሟ “አሁን ጠራልኝ” ስትል ሰምቻለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ነው ድምፁ የራቀኝ። ቁስል ነው? ሞራ አይደለም? በጊዜ መጣሽ፣ በጠብታ ይድናል አለች? ነይ ልሳምሽ። እንዲህ አታልቅሺ፣ እኔንም ታስለቅሺኛለሽ።

እሳቸውንስ አየቻቸው? ምንም የለብዎትም፣ ዓይንዎ ጤነኛ ነው አለቻቸው? መነጽሩን አወለቁ? እሰይ። እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ አላየሁም ማለት የለም።

በይ አውቶቡሱ ሳያመልጥሽ ሂጂ። ግን ሳትመርቂያቸው አትውጪ፣ ነውር ነው። ካፈርሽ እኔ ልመርቅልሽ፣ አንቺ አሜን በይ። ዕድሜ ከጤና ይስጥልን። ክፉ አይንካቸው። ልጆቻቸው ይባረኩ። መቼም ሰው ናቸውና አንድ ቀን እንኳ ቢታመሙ፣ ልጆቻቸው ደግፈው በሚያደርሷቸው ሆስፒታል ሁሉ… አምላክ ልክ እንደ እሳቸው ያለ ኃላፊ ያቆይላቸው። አሜን በይ እህቴ።