ፊቷ እስኪጠራ

እኔ በጤና ጣቢያው ካርድ ክፍል ሃያ ዓመት የተቀመጥኩ ሰው ነኝ። ሥራዬ ካርድ ማውጣትና መመለስ ነው፤ በሰው ቤት ነገር ጥልቅ ማለት አልወድም። አልወድም ነበር ልበል እንጂ።

አንድ ሰኞ ጠዋት በሩን ከፍቼ ገና ሳልቀመጥ፣ ጎረቤቴን ከደጅ አገኘኋቸው። የተጣላ ሁሉ እሳቸው ዘንድ ስለሚሄድ ሰፈሩ «አስታራቂዋ» ይላቸዋል። የሦስት ወር የልጅ ልጃቸውን ታቅፈዋል። ሕፃኑ ባሳለ ቁጥር ፊቱ ይጠቁራል። ደንግጬ ካርዱን አወጣሁና ተራ ሳላስጠብቅ ወደ ነርሷ ይዣቸው ገባሁ። ነርሷ ከትምህርት ቤት ከወጣች ዓመት ያልሞላት ልጅ ናት።

«እማማ፣ ሳሉ ስንት ቀን ሆነው?» አለቻቸው።

«እኔ እንጃ ልጄ። ሦስት... አራት ቢሆነው ነው።»

«ሲያስል ትንፋሹ ቁርጥ ይልበታል? ያስመልሰዋል?»

«አብራው የምታድረው እናቱ ናት።»

«ጡትስ ይይዛል?»

«እሱንም እናቱ...»

«ታዲያ እሷ የታለች?»

«ትንሽ አሟት ነው።»

ነርሷ ካርዱን ገለጠች። የስድስተኛው ሳምንት ክትባት ባዶ፣ የአሥረኛውም ባዶ። «ያኔም ሁለቱንም ጊዜ አሟት ነበር?»

አስታራቂዋ ቀና ብለው እኔን አዩኝ፤ እኔ ጣራውን አየሁ። ቤታችንን የሚለየው አንድ ግድግዳ ነው። የሰማሁትን ሰምቻለሁ።

«አንቺ ገና ልጅ ነሽ፣ ትዳር አታውቂም» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ባልና ሚስት ይጋጫል። የኔ ልጅ ደግሞ እጁ ፈጣን ነው። ፊቷ ሲያብጥ፣ እስኪጠራ ከቤት አትውጪ እላታለሁ። በሞቀ ውሃና ጨው እተኩስላታለሁ፣ በሳምንት በአሥር ቀን ይጠራል። የቤቴን ገመና አደባባይ ላውጣው? ለእሷም ክብር ብዬ እኮ ነው!»

«ፊቷ እስኪጠራ ቀጠሮው አለፈ እማማ። ይሄ ትክትክ ይመስለኛል። የቀረበት ክትባት ይህንን የሚከላከለው ነበር።»

«ታዲያ ዛሬ ይወጋ!»

«አንዴ ከታመመ መርፌው አያድነውም። ሆስፒታል መተኛት አለበት።»

«ይተኛ፤ እኔ አስታምመዋለሁ።»

«ጡት ያጠቡታል?»

«ጉድ ፈላ! በዚህ ዕድሜዬ?»

«እንግዲያው እናቱ ትምጣ።»

«በዚያ ፊቷ? በዚህ ሁሉ ሕዝብ መሀል? ሞቼ እገኛለሁ!»

«እርስዎ አይሞቱም እማማ። የሚሞተው እሱ ነው።»

ልጅቷ ደፋር ናት። ትልቅ ሰው እንዲህ አይባልም ልል አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት፤ የተናገረችው እውነት ነበር።

አሮጊቷ ተቆጡ። «እኔም እየተመታሁ ነው ልጆቼን ያሳደግኩት!»

«ሁሉም አደጉ?»

ጥያቄው ክፉ አልነበረም፤ በለስላሳ ድምፅ ነው የጠየቀቻቸው። አስታራቂዋ የሕፃኑን እግር ያዝ አደረጉ።

«አንዷ ቀረችብኝ» አሉ። «ኩፍኝ ነበር። ዓይኔ አብጦ... እናቴ፣ እስኪጠራ ቆዪ አለችኝ። ቆየሁ።»

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አያገኝም፤ እርስዎ ነዎት ይህንን ለሰው የሚመክሩት» አልኳቸው። አፌን ባልከፍት ይሻል ነበር መሰለኝ፣ ዓይናቸው እንባ ሞላ። ሕፃኑን ለነርሷ ሰጥተው እየተጣደፉ ወጡ።

ሲመለሱ ምራታቸውን እጇን ይዘዋት ነበር። ሻሿን እስከ አፍንጫዋ ጠቅልላዋለች። ወንበሩ ላይ ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ዞር ብሎ ያያል።

«ግለጪው የኔ ልጅ» አሏት። «ማፈር ያለብን እኛ ነን።»

ገለጠችው። አንደኛው ዓይኗ ጨርሶ አይታይም። ነርሷ ጥያቄዋን ስትደግም ግን አንዱንም አልሳተችም፦ ሳሉ ዘጠኝ ቀኑ ነው፣ ሲነጋጋ ይብስበታል፣ ከትናንት ጀምሮ ጡት ትቷል። «በመጀመሪያው ቀን ላምጣው ብዬ ነበር» አለች፤ ማንንም አልወቀሰችም።

ነርሷ የጠራችው አምቡላንስ እስኪመጣ አስታራቂዋ ወደ እኔ ዞሩ። «ከሆስፒታል ሲወጡ ከፈለገች እህቷ ጋ ትገባለች። ልጄን ከእንግዲህ አላስታርቅም፤ በሕግ ፊት ይጠየቃል። አንተም በግድግዳው የሰማኸውን ትመሰክራለህ።»

«እመሰክራለሁ» አልኩ።

ሕፃኑ በአፍንጫው ኦክስጅን እየተሰጠው ለሃያ ቀን ተኝቶ፣ አጥንቱ ብቻ ቀርቶ ወጣ። እኔም በግድግዳው የሰማሁትን መሰከርኩ፤ ዛሬ እናቱ እህቷ ቤት ናት። ቀጠሮ አያልፋትም፤ ልጁ ሲያተኩሰው ማንንም ሳታስፈቅድ ይዛው ትመጣለች፣ በጭንቀት ቀንሶ የነበረው ወተቷም ተመልሷል። የእናት ሰላም ለሕፃን ከመድኃኒት በፊት የሚሰጥ መድኃኒት መሆኑን ያየሁት በዓይኔ ነው። አስታራቂዋም እንዲሸመግሏቸው ለሚመጡ ሁሉ አስቀድመው «ልጁ ተከትቧል? እናቱስ የት ናት?» ይላሉ።

እኔም ካርድ ላይ ባዶ ቦታ ሳይ «ለምን ቀረሽ?» ብዬ መቆጣቱን ትቼ፣ እናቲቱን ለብቻዋ ጠርቼ «ቤት ደህና ነሽ ወይ?» እላለሁ። አንዳንዷ ትስቃለች፣ አንዳንዷ ታለቅሳለች። በሃያ ዓመት ስንት ባዶ ቦታ እያየሁ መደርደሪያው ላይ እንደመለስኩ ግን እግዜር ይወቀው።