ወ/ሮ እኅተማርያም በስለቱ ግንድ አደጋ ላይ የሰጡት ቃል

የምስክር ስም፦ ወ/ሮ እኅተማርያም አበበ
ዕድሜ፦ 46
አድራሻ፦ ጎባ ከተማ
ሥራ፦ የአጣናና የጣውላ ንግድ
ከሟች ጋር ያላቸው ዝምድና፦ ሚስት
ቃል የተሰጠበት ቀን፦ መጋቢት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.
ቃል ተቀባይ፦ ሳጅን ቢፍቱ

እኔ ስሜ ከላይ የተገለጸው ምስክር፣ ባለቤቴ አቶ ተክለማርያም በግንድ ተጭኖ ሕይወቱ ባለፈበት ጉዳይ ሠራተኛችን ሳላሀዲን ሆን ብሎ ለቀቀበት ተብሎ መታሰሩን በመስማቴ፣ ማንም ሳይጠራኝ በራሴ ፈቃድ ቀርቤ ቃሌን እሰጣለሁ። ዛሬ የባለቤቴ ሠልስት ነው። ሐዘንተኛ ከፍራሽ ተነሥቶ ፖሊስ ጣቢያ አይሄድም ያሉኝ ብዙ ናቸው። እኔ ግን ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ ውሸት ሲያለቅሱ ማየት አልቻልኩም።

ባለቤቴ ዓምና በጠና ታሞ በነበረ ጊዜ፣ ከዳንኩ ከጎባ በላይ ካለው ይዞታችን ንፋስ የጣለውን ጽድ ለአጥቢያችን ቤተ ክርስቲያን ምሰሶ እሰጣለሁ ብሎ ተስሎ ነበር። ሲድን ልጡን በራሱ እጅ ላጠው። ማክሰኞ መጋቢት 9 ቀን ጠዋት እኔ፣ ባለቤቴና ሳላሀዲን ግንዱን ለማውረድ ወደዚያው ወጣን። ሳላሀዲን የልጆች አባት ነው፤ ከእኛ ጋር ብዙ ዘመን ሠርቷል። የአይሱዙ ሾፌሩ ወዚር መኪናውን ታች መንገዱ ላይ አቁሞ ይጠብቅ ስለነበር ከቆመበት ቦታ ግንዱ አይታየውም። ሌሊቱን ዘንቦ ቁልቁለቱ ጨቅይቷል፤ የተላጠው ግንድም እንደ ሳሙና ያሟልጭ ነበር።

ይዘን የወጣነው ድጅኖ፣ ሁለት ወፍራም አጣና፣ ገመድና ሮቤ ከቀጥቃጭ ያሠራነውን መንጠቆ ነው። መንጠቆው ረጅም እጀታና የታጠፈ ሹል ብረት ያለው ሲሆን ግንዱን ነክሶ ይይዛል። እሱን የያዘ ሰው ከግንዱ በላይ ቆሞ፣ ቁልቁል እንዳያመልጥ እየጎተተ ቀስ ብሎ ያንከባልለዋል። አጣና የያዘ ግን ግንዱን ደግፎ ለማቆም ከታች መግባት ግድ ይሆንበታል። ይህን እንጨት የነካ ሁሉ ያውቀዋል፤ ባለቤቴም ያውቅ ነበር።

ሳላሀዲን እንደ ወትሮው መንጠቆውን አነሣ። ባለቤቴ ከእጁ ተቀብሎ ወዲያ ጣለው። ለእግዚአብሔር የሚሰጥ ነገር ነውር የሌለበት መሆን አለበት፣ ስለቴን የብረት ጥርስ አላስነክሰውም አለ። ድጅኖውንም ከለከለ። የአጣናዎቹን ጫፍ በጆንያ ጠቅልሎ አንዱን ለሳላሀዲን ሰጠው። ሳላሀዲን "ጋሽ ተክሌ፣ እንጨቱ እርጥብ ነው። ወይ በመንጠቆ ይሁን፣ ወይ ይድረቅና ነገ እንምጣ" አለው። ባለቤቴ ስቆ "አንተ ደግሞ ስለት የት ታውቅና ነው?" ቢለው፣ "እናቴ ሶፍ ዑመር ድረስ ስለት ይዘው የሚሄዱት ለሽርሽር መሰለህ እንዴ ጋሽ?" ብሎ መለሰለት። ተሳሳቁ። እኔ ቀዳዳ አለው ብሎ ምሰሶ የሚመልስ ቄስ የለም ብዬ ብቆጣ፣ በስለቴ መሃል አትግቢ አለኝ። ባለቤቴ ደግ ሰው ነበር፤ አንድ ነገር ካለ ግን ከቃሉ ንቅንቅ አይልም።

ሁለቱም ከግንዱ በታች ገብተው በየጫፉ ደግፈው ያዙ። ታኮ የነበረውን ድንጋይ በእግሩ ገፍቶ ያወጣው ራሱ ባለቤቴ ነው። እኔ ከላይ ቆሜ በግልጽ አይቻለሁ። መጀመሪያ ያሟለጨው የባለቤቴ አጣና ነው። ግንዱ በእሱ በኩል ዞሮ ደረቱ ላይ ወጣበት። ሳላሀዲን ዘሎ ማምለጥ ሲችል አጣናው እስኪሰበር ድረስ አልለቀቀም፤ የቀኝ እጁ ጣቶች የተቀጠቀጡት ያን ጊዜ ነው። እናንተም እጁን አይታችኋል። ከዚያ በግራ እጁ መንጠቆውን አንሥቶ እንጨቱ ላይ ሰካና ግንዱን ከባለቤቴ ላይ አንከባልሎ አወረደው። ያን ጊዜ ስለት ትዝ ያለው ሰው አልነበረም።

ጩኸታችንን ሰምቶ ወዚር መጣና ተሸክመን መኪና ላይ ጫንነው። ወደ ሆስፒታል ስንሄድ ሳላሀዲን የባለቤቴን ራስ ታቅፎ በኦሮምኛም በአማርኛም "ህን ገዲፍኔ፣ ጋሽ፣ አልለቀቅኩም" ይለው ነበር። ባለቤቴ "አውቃለሁ" አለው። ከዚያ በኋላ አልተናገረም፤ ሆስፒታል ሳንደርስም ዐረፈ።

የባለቤቴ ወንድም ኃይለልዑል በዚያ ቀን ሮቤ ነበር። በቀብሩ ላይ ግን ሳላሀዲን የለቀቀው የቤተ ክርስቲያን እንጨት መሆኑን ስላወቀ ነው ብሎ ለሰው ተናገረ። ከዚያ ወዲህ ድንኳኑ ውስጥ የሚወራው ወሬ ያስፈራኛል፤ የሳላሀዲን ሚስትም ልታለቅስ መጥታ ከደጅ መልሰዋታል። ትናንት ማታ ኃይለልዑልን ለብቻው ጠርቼ ያየሁትን ሁሉ ነገርኩት። እሱም "ሙት ወቃሽ አትሁኚ። ወንድሜን ስለቱ ገደለው ከሚባል ሰው ገደለው ቢባል ይሻለኛል" አለኝ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ብዬ ዝም ለማለት አስቤ ነበር፤ ግን እያደር ሲጠራ ሳላሀዲን የት ያድራል? ባለቤቴን እወደዋለሁ፣ እየተቃጠልኩም እናደድበታለሁ። የተሳሳተው እሱ ነው። የገደለው ሰው የለም።

ኃይለልዑል ይህን ቃል ከሰጠሁ ከእሱም ሆነ ከዘመዶቹ ማንም ደጄን እንደማይረግጥ ነግሮኛል። የአርባውን ተዝካር ብቻዬን አወጣለሁ። ለሳላሀዲን ሚስት ግን እንድትመጣ ልኬባታለሁ።

ይህን እንድናገር ያስገደደኝ ሰው የለም፤ ያስገደደኝ ዓይኔ ያየው ነው። ቃሌ ተነቦልኝ፣ የተጨመረም የተቀነሰም እንደሌለበት አረጋግጬ ፈርሜያለሁ።

የምስክር ፊርማ፦ እኅተማርያም አበበ
የቃል ተቀባይ ፊርማ፦ ሳጅን ቢፍቱ