ከጊዮርጊስ ሥር ያለው ጣቢያ

ወደ ቆላ ድባ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጡ፣ ከአዲስ አበባ የተመለሱ ሽማግሌ ገበሬ ከጎናቸው ላለችው ወጣት ያወራሉ።

«ባቡሩ ከቃሊቲ በድልድይ ላይ ይመጣና ጊዮርጊስ ጋ ሲደርስ መሬት ውስጥ ይገባል። መጨረሻው እዚያ ነው።»

«ውስጥ ድረስ ወረዱ እንዴ፣ አያ?»

«ወረድኩ እንጂ! ከደብሩ አጠገብ ደረጃው ወደ ታች ሲወስደኝ፣ ፍልፍል ቤተ ክርስቲያን መስሎኝ አማትቤ ጫማዬን አወለቅሁ።»

«ኧረ! ሰው አልሳቀም?»

«አብራኝ የነበረችው የእህቴ ልጅ ሳቀች። ‹ጣቢያ እኮ ነው› አለችኝ።»

«ታዲያ መልሰው አጠለቁት?»

«ምነው ብዬ! ያን ሁሉ አፈር አውጥተው፣ ከላይ መኪና እየሄደበት፣ ከታች እንዲያ ያለ ሸጋ አዳራሽ አቁመዋል። ጫማዬን በእጄ እንደያዝኩ ባቡሩ ውስጥ ገባሁ።»

በዚያ ደረጃ አራት ዓመት የተመላለስኩት እኔ፣ ጫማ ያጠለቀ እግሬን ቀስ ብዬ ከወንበሩ ሥር ሰበሰብኩ።