የክብር እንግዳዋ

በአንድ ዩኒቨርሲቲ የቴአትር አዳራሽ፣ ከመጋረጃው ጀርባ፣ ተመልካች ሊገባ ጥቂት ሲቀረው፤ የተማሪዎቹ ሙዚቃዊ ተውኔት አዘጋጅ ናሁሰናይ እና ድርሰቱን እየመረመረች እውነቱን ስታጣራ የከረመችው ድራማተርግ ትርሲት ቆመው ይጨቃጨቃሉ።

ትርሲት፦ እየቀለድኩ አይደለም። ይሄ መጋረጃ ዛሬ አይከፈትም።

ናሁሰናይ፦ በእናትሽ ትርሲት፣ ዛሬ እንኳ ተዪኝ። የጀልባውን ቀለም አስቀየርሽኝ፣ እሺ አልኩ። «በረሃ ላይ እንዲህ አይጨፈርም» ብለሽ አንድ ሙሉ ዘፈን አስወጣሽኝ፣ እሺ አልኩ። አሁን ደግሞ ምን ጎደለ?

ትርሲት፦ የይኸነው እናት መጥተዋል።

ናሁሰናይ፦ አውቃለሁ። የጋበዝኳቸው እኔ ነኝ። የክብር እንግዳችን ናቸው።

ትርሲት፦ በስልክ ምን አልካቸው?

ናሁሰናይ፦ «እማማ የሻረግ፣ እኛ የይኸነው ጓደኞች ነን፣ በልጅዎ ስም ትልቅ ዝግጅት አለን፣ ይምጡልን» ነው ያልኩት። ሌላ ምን እላለሁ?

ትርሲት፦ እሳቸውስ ምን አሉ?

ናሁሰናይ፦ እልል አሉ። ጆሮዬ እስኪጮህ ድረስ እልል አሉ። ልጇን ባሕር በልቶባት እልል የምትል እናት አስቢ እስኪ። በተውኔታችን የስደተኞቹ ጀልባ ሲሰምጥ እናቶቹ በእልልታ የሚሸኙትኮ ከሳቸው የወሰድኩት ነው።

ትርሲት፦ ያን ጊዜ «ይሄ ከየት መጣ?» ብዬህ ነበር።

ናሁሰናይ፦ ከእውነት ነው አልኩሽ።

ትርሲት፦ አገራቸው ድረስ ሄጄ ላናግራቸው ስልህስ?

ናሁሰናይ፦ ፈተና ደርሶብን ነበራ። ደግሞ ያንቺ ሥራ ከድርሰቱ ጋር ነው። ለእናትየው ስልክ ይበቃል ብያለሁ፣ በቅቷልም። ይኸው መጡ።

ትርሲት፦ አሁን በር ላይ አግኝቻቸው ነው የመጣሁት። ጸጉራቸውን ተሠርተው፣ ቅቤ ተቀብተው፣ ነጭ በነጭ ለብሰው ነው የመጡት።

ናሁሰናይ፦ ለልጃቸው ክብር ነዋ።

ትርሲት፦ ግድግዳው ላይ የለጠፍነውን ፎቶውን ሳሙት። ፊት ወንበር ላይ ሳስቀምጣቸው ይሄን ፌስታል ሰጡኝ።

ናሁሰናይ፦ ምንድን ነው?

ትርሲት፦ በሶ። «ይኸነው በየትኛው በር ነው የሚወጣው? ጥቁሩን ካባ ለብሶ ልየው» አሉኝ።

ናሁሰናይ፦ የምን ካባ?

ትርሲት፦ የምረቃ። ናሁ፣ ሴትዮዋ መርዶ አልተነገራቸውም።

ናሁሰናይ፦ አይሆንም። ዓመት ሊሞላው ነው እኮ። ለአጎቱ የነገርነው እኛው ነን።

ትርሲት፦ አጎቱ ጋ ደወልኩ። የይኸነው እህት ቤሩት ናት፤ እሷ ሳትመጣ አይነገርም ብለው መርዶውን ይዘውት ነበር። የእናትየው ልብ ደካማ ነው፣ የሚደግፋቸው ሰው አጠገባቸው እንዲኖር ነው። «ትምህርት በዝቶበት ነው የማይደውለው» እያሉ አቆዩአቸው። እህትየው ቅዳሜ ትገባለች። እሁድ ንጋት ላይ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ገብቶ ሊያረዷቸው ነበር። አንተ አጎትየው ስልክ ላይ ስትደውል ማን አነሳው?

ናሁሰናይ፦ አንዲት ልጅ። «እንኪ እትዬ፣ ከዩኒቨርሲቲ ነው» ስትል ሰምቻለሁ።

ትርሲት፦ አጎትየው ስልኩን ቤት ትተው ገጠር ወጥተው ሰንብተው ነበር። ሲመለሱ እናትየው ተሳፍረዋል።

ናሁሰናይ፦ እሺ። እሺ ቆይ። ተውኔቱ ላይ ስሙን እንቀይረው። ሌላ ስም እንስጠው።

ትርሲት፦ መክፈቻው ከመንገድ በስልክ የላከልን የይኸነው የራሱ ድምፅ ነው።

ናሁሰናይ፦ እሱንም እናወጣዋለን።

ትርሲት፦ ተዋናዩ የለበሰው ሹራብስ? በእጃቸው የሠሩለት ነው። ሁሉም ነገር እውነተኛ ይሁን ብዬ ትቶት ከሄደው ሻንጣ ያወጣሁት እኔ ነኝ።

ናሁሰናይ፦ እንግዲያው አንድ ሰው ላውንጅ ይውሰዳቸውና ሻይ ይጋብዛቸው። እስክንጨርስ።

ትርሲት፦ ሰዉ እያለቀሰ ሲወጣ ማን ሞተ ብለው አይጠይቁም?

ናሁሰናይ፦ ትርሲት፣ ከይኸነው ጋር አንድ ዶርም ነው የኖርነው። ሬሳ የለ፣ ቀብር የለ። ድንኳን አልተጣለለት። እኔ የተቀመጥኩለት ለቅሶ ይሄ ነው፣ ሌላ የለኝም። ልትነጥቂኝ ነው?

ትርሲት፦ ከእናቱ ቀድመን አለቀስን። እኔ ስለ ጀልባ ቀለም ስጠይቅ፣ እናቱ ያውቃሉ ወይ ብዬ አልጠየቅኩም። ከኔ ሥራ ዋናው እሱ ነበር። ይቆጨኛል።

ናሁሰናይ፦ አላቆምም። ልጆቹን ምን ብዬ ልበትናቸው?

ትርሲት፦ ዝም በል እስኪ። ስማ።

ናሁሰናይ፦ የድምፅ ሙከራ ነው።

ትርሲት፦ የይኸነውን ድምፅ ከፈቱት። «ለእማዬ ደህና ነው በሉልኝ» የሚለውን። የድምፅ ልጆቹ ገና አያውቁም።

ናሁሰናይ፦ እልልታውን ደግሞ ምን አስቸኮላቸው? እሱ እኮ የሦስተኛው ዘፈን ነው። ማነው የለቀቀው?

ትርሲት፦ ከስፒከሩ አይደለም። ከፊት ወንበር ነው።

ናሁሰናይ፦ አምላኬ።

ትርሲት፦ ናሁ።

ናሁሰናይ፦ አጥፉት በያቸው። በሩ ይዘጋ፣ ሰው አይግባ። ዛሬ ቀርቷል በያቸው።

ትርሲት፦ እሺ።

ናሁሰናይ፦ ለሳቸውስ ምን ሊባል ነው?

ትርሲት፦ ምረቃው ተራዝሟል፣ እሱን ለሥራ ልምምድ ሩቅ ልከውታል። አጎትየው መርዶውን እስከ እሁድ ያዙልኝ ብለው ለምነውኛል። ማታውኑ ሊወስዷቸው መንገድ ጀምረዋል።

ናሁሰናይ፦ አንቺ ንገሪያቸው። እኔ ዓይናቸውን ማየት አልችልም።

ትርሲት፦ እኔን አያውቁኝም። በስልክ የሰሙት ያንተን ድምፅ ነው፣ የሚያምኑት አንተን ነው። እንካ፣ በሶውን ያዝ። ለይኸነው አደርስልዎታለሁ በላቸው።