ኦሪት በግንባሯ አትደፋም

በእኛ ጊዜ፣ ልጆቼ፣ ጎንደር ሳለን መጽሐፍ ማለት አንድ ነው፣ አንድ! መንደሩ ሁሉ ያለው አንዲት ኦሪት ናት፣ በብራና ላይ በእጅ የተጻፈች፣ እሷም ቄሱ ዘንድ ነው የምትቀመጥ። ታዲያ እዚህ ፔታህ ቲክቫ መጥቼ ሲፍሪያ የሚሉትን ቤተ መጻሕፍት መጀመሪያ ሳየው፣ ግድግዳው ከላይ እስከ ታች መጽሐፍ ብቻ፣ ምን አልኩ መሰላችሁ? "ይሄን ሁሉ ማን አንብቦ ይጨርሰዋል?" አልኩ። እና ወደድኩት። ሰጉላ በሚሉት የፋብሪካ ሰፈር ብስኩት ሳሽግ ኖሬ ጡረታ ስወጣ ቤት መዋል አልሆነልኝም፣ እግሬ ወደዚያው። ማንበብስ አላውቅም፣ ግን ማዝጋን የሚሉት ማቀዝቀዣው ደስ ይላል፣ ሰዉም ደግ ነው፣ ሩቲ የምትባለው የቤቱ ኃላፊ ስገባ "ሻሎም እማማ ትርንጎ!" ትለኛለች።

አንድ ቀን ታዲያ ስገባ፣ መደርደሪያው የለም! ግማሹ ተነቅሏል፣ በቦታው ኮምፒውተር ተደርድሯል፣ ልጆቹም ጆሯቸውን ደፍነው ያፈጣሉ። ጮኽኩ። "ሩቲ! መጻሕፍቱን የት ጣላችኋቸው?"

"ሳቭላኑት፣ ሳቭላኑት፣ ትዕግሥት እማማ፣ አልጣልናቸውም፣ ሌላ ክፍል ናቸው" ብላ እጄን ይዛ ወሰደችኝ። አንድ ማሽን አሳየችኝ። ቤታችሁ ያለ አሮጌ መጽሐፍ ካለ አምጡ፣ ይሄ ፎቶውን ያነሳል፣ ፎቶው ስክሪኑ ላይ ይወጣል፣ እንዲህ በጣት ስትነኪው ደግሞ ያድጋል አለችኝ። እና ነካችው። አንዲት ፊደል፣ ስሙኝ፣ የጤፍ ቅንጣት የምታክል ፊደል፣ ሰፌድ አከለች!

ያኔ ልቤ ዘለለ። ለምን አትሉኝም? ለወንድሜ ነዋ፣ ለቄስ ይርጋ! ኦሪቷን በሱዳን በረሃ በጀርባቸው አዝለው ያመጧት እሳቸው ናቸው። ታዲያ ዓይናቸው ደከመ። መነጽር ቢባል፣ ጠብታ ቢባል፣ እምቢ አለ። ሰዉ "አባ፣ በቃልዎ ያውቁት የለም? በቃልዎ ይበሉልን" ሲላቸው "የማላየውን አነበብኩ ብዬ ሕዝብ ላታልል?" ይሉ ነበር። ኦሪቷን ጠቅልለው ሳጥን ውስጥ ዘጉባት። ሰግድ የሚባለው የቤተ እስራኤል በዓላችን ሲቃረብም "ዘንድሮ ኢየሩሳሌም አልወጣም፣ ዓይን የሌለው ቄስ እዚያ ቆሞ ምን ያደርጋል?" አሉ። እህሉንም ተዉት። ወንድሜ ቁጭ ብለው ሲያልቁ እያየሁ አንጀቴ ያርር ነበር።

እና እዚሁ ፔታህ ቲክቫ፣ ማሃኔ የሁዳ ሰፈር ያለው ቤታቸው ድረስ እየሮጥኩ ሄድኩ፣ በዚህ ጉልበቴ!

"አባ! ፊደል የሚያሳድግ ማሽን መጣ!"

"ማን አመጣው?"

"ሲፍሪያ!"

"ሰንበት ይሠራል?" አሉኝ።

"ኧረ ዝግ ነው አባ!"

"ደግ ነው። እስቲ ልየው።"

ነጭ ሻሻቸውን ጠመጠሙ፣ ኦሪቷን በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ደረታቸው ላይ አቀፉ፣ ሄድን። እንደገባን "መጀመሪያ እጇን ትታጠብ" አሉ፣ ሩቲም ሄዳ ታጠበች። እኔ በደስታ እግሬ መሬት አልነካም። ታዲያ ሩቲ የማሽኑን ክዳን ብድግ አደረገችው፣ ከስሩ መስታወት ነው፣ "ያላ፣ በሉ አባ፣ ገልብጠው ያስቀምጡት፣ ፊቱን ወደ መስታወቱ" አለች።

"ምን አለች?" አሉኝ።

"እ... በፊቷ ይድፏት ነው የምትል።"

እናንተ! መልሰው ጠቀለሏታ! "ኦሪት በግንባሯ? እኔ በሕይወት ቆሜ ኦሪት በግንባሯ ትደፋለች? ሰው እንኳ ሲሞት በጀርባው ነው የሚተኛ!" ብለው ወደ በሩ። ሩቲ ደንግጣ "ምን አልኩ? ምን አጠፋሁ?" ትለኛለች። እኔ በመሀል ቤት አንዴ በዕብራይስጥ፣ አንዴ በአማርኛ፣ ምላሴ ተሳሰረ። ሮጬ በሩ ላይ ቆምኩ።

"አባ፣ ረግጠውኝ ይውጡ!"

"ዞር በይ፣ ትርንጎ።"

"አልዞርም! ሩቲ፣ ይቺ መጽሐፍ ፊቷ ወደ ሰማይ ካልሆነ አይሆንም፣ ገባሽ? ወደ ሰማይ!"

ሩቲ ጥቂት አሰበችና "በሰደር፣ እሺ" አለች። ሮጣ ሄዳ በዓል ሲሆን ልጆቹን የምታነሳበትን ካሜራ አመጣች፣ ሦስት እግር ባለው ማቆሚያ ላይ ሰቀለችው፣ አንገቱን ወደ ጠረጴዛው ቆለመመችው። ወንድሜ ዞረው ዞረው አዩት።

"አሁን የሚያጎነብሰው ማሽኑ ነው?"

"ማሽኑ ነው፣ አባ።"

"እንዲያ ነው! እሱ ያጎንብስ!"

ጋቢያቸውን ጠረጴዛው ላይ አነጠፉ፣ ኦሪቷን በጀርባዋ አስተኟት፣ ራሳቸው ገለጧት። ካሜራው ቀጭ አለ፣ ወዲያው ግድግዳው ላይ ያለው ትልቁ ስክሪን በግዕዝ ሞላ! ሩቲ ፊደሉን አሳደገችው፣ አሳደገችው። ወንድሜ ስክሪኑ ላይ አፈጠጡ። አይታያቸውም ማለት ነው ብዬ ልቤ ሊወድቅ ሲል፣ ከንፈራቸው ተነቃነቀ። አንድ ፊደል። ሁለተኛዋ። ከዚያማ ማን ያቆማቸዋል! በዚያ በዝምታ ቤት ውስጥ፣ በሙሉ ድምፃቸው፣ እንደ ዱሮው በዜማ አወረዱት! የልጅ ልጆቻቸውን ይዘው የመጡ እናቶቻችን ኦሪት ናትና ብድግ አሉ፣ ጋዜጣ የሚያነበው ሩሲያዊ ሽማግሌም ምን እንደሆነ ሳያውቅ ባርኔጣውን ይዞ ተነሳ። እኔ አለቀስኩ። እልልታዬንም አልያዝኩትም፣ ሩቲም "ሽሽ፣ ዝም!" አላለችኝም።

ታዲያ አገራችን ሴት ኦሪትን የምታየው ከሩቅ ነው፣ ታውቁ የለም? ልማዴ ሆኖ እዚህም በሩ አጠገብ ቆሜያለሁ። ወንድሜ ዘወር ብለው "ነይ እንጂ፣ ምን ትጠብቂያለሽ? ለሁላችንም ይበቃል" አሉኝ። ሄድኩና አጠገባቸው ቆምኩ። ቀዩን ቀለም አየሁት፣ ጸሐፊው ብዕሩን ያነሳበትን ሳይቀር አየሁት። በዚህ ዕድሜዬ!

ሰግድ? ወጡ እንጂ! ሩቲ ገጾቹን በትልቅ ወረቀት አትማ ሰጠቻቸው። ወንድሜ እሱን ዘርግተው ሲያነቡ ምን አየሁ፣ ከጎናቸው ያሉት ሽማግሌ ቄሶች አንገታቸውን አስግገው ከእሳቸው ወረቀት ያነባሉ! ለካስ ዓይኑ የደከመው የሁሉም ነው፣ ማን ይናገር?

"እና አሁንስ ቄስ ይርጋ ያነባሉ፣ እማማ?"

ያነባሉ ወይ? ከሲፍሪያ ማን ያስወጣቸዋል! ትናንት እራት ቀረበ ብዬ ብደውልላቸው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ምን ይሉኛል? "እዚህ ስልክ ማውራት ክልክል ነው፣ ትርንጎ!" ብለው ጆሮዬ ላይ ዘጉብኝ። ሃሃሃ! ይዝጉብኝ፣ ልጆቼ፣ ይዝጉብኝ!