በረኪና ተብሎ የተሞላው ጠርሙስ

ምስክር፦ የተጎጂዋ ወላጅ አባት
ዕድሜ፦ 51
ሥራ፦ የመጋዘን ዕቃ ተቆጣጣሪ
አድራሻ፦ ከገበያው ጀርባ፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ ከደረጃው ፊት ለፊት ያለው በር
ቃል የሰጡበት ጊዜ፦ ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3፡30

ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ ከቤታችን በታች ወዳለው የጽዳት ዕቃ መሸጫ ሄድኩ። ባለ ሱቁ ከትልልቅ ጀሪካን እየቀዳ ደንበኛው ይዞ በመጣው ጠርሙስ ይሞላል። ያለ ዝርዝር ከቤት አልወጣም፤ ያን ቀንም ይዤ ነበር። አንድ፣ በረኪና አንድ ሊትር። ሁለት፣ ፈሳሽ ሳሙና። ሦስት፣ የወለል ብሩሽ። ከሥሩ "አሲድ በፍጹም!" ብዬ ሁለት ጊዜ አስምሬበታለሁ። በረኪናና አሲድ ሲገናኙ መርዛማ ጋዝ እንደሚወጣቸው ከሥራዬ አውቃለሁ። ለባለ ሱቁም በአፌ ነግሬዋለሁ። "አንተ ደግሞ፣ የምታጥበው መታጠቢያ ቤት ነው ላቦራቶሪ?" ብሎ ሳቀብኝ። ስልክ እያወራ ሞላልኝ። ጠርሙሱ ላይ በእጄ "በረኪና" ብዬ የጻፍኩት ወረቀት ተለጥፎበታል።

ቤት ገና ሩብ ጠርሙስ በረኪና ነበረን። ያልቃል ብዬ ስለምሰጋ ሁሌ ቀድሜ ነው የምገዛው።

ትናንት ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ የ17 ዓመት ልጄ መታጠቢያ ቤቱን ልታጥብ ገባች። የተረፈውን በረኪና ወለሉ ላይ አፈሰሰች፤ ስላልበቃት ከአዲሱ ጨመረችበት። እኔ ሳሎን ነበርኩ። ስታስል ሰማሁ፣ ከዚያ ባልዲው ወደቀ። በሩን ስከፍተው ወለሉ ላይ ተዘርራለች። ዓይኔ እየተቃጠለ ጎትቼ አወጣኋት። ሐኪሙ "ሳንባዋ ተጎድቷል፤ እስከ ነገ ካላየን ተስፋ አንሰጥህም" አለኝ።

ከሆስፒታል በቀጥታ ሱቁ ሄድኩ፤ 8 ሰዓት ይሆናል። ባለ ሱቁ ዓይኑን በጨው አጥቦ፦ "በረኪናው አልቆብኝ ነበር፤ ከሱ የሚበልጠውን አሲድ አደረግኩልህ። ሌላ ሰው ቢሆን ይመርቀኝ ነበር" አለኝ። ለምን አልነገርከኝም ስለው "አፍንጫ የለህም እንዴ?" አለ። "ልጄም አፍንጫ አላት፤ አሁን ቱቦ ተሰክቶበታል!" አልኩት። የሳሙናውን ጀሪካን በእርግጫ ብዬ ደፍቼበታለሁ፣ አልክድም። የአሲዱን አልነካሁም፤ እንደሱ አላበድኩም።

መርማሪው፣ የመታጠቢያ ቤቱ በር ለምን ተዘግቶ እንደነበር ጠይቀውኛል። በሩ ላይ ሌላ ዝርዝር ለጥፌያለሁ፣ የአስተጣጠቡን። ቁጥር አራት "ሽታው ቤቱን እንዳይሞላው በሩ ይዘጋ" ይላል። ዛሬ ጠዋት ልጄ ትንፋሿ እየተቆራረጠ "አባዬ፣ በሩን ዘግቼ ነበር እኮ" አለችኝ። የምቆጣት መስሏት ነው።

ባለ ሱቁ ይጠየቅልኝ። ቁጥር አራትን የጻፍኩት ግን እኔ ነኝ። መርማሪው "ይሄ ለክሱ አያስፈልግም፣ እንተወው?" ቢሉኝም እንዳይሰረዝ ብያለሁ።

ቃሌ ከላይ እስከ ታች ተነቦልኝ፣ የተናገርኩት ይኸው መሆኑን አረጋግጬ ፈርሜያለሁ። የጨመርኩት የለም፣ የደበቅኩትም የለም።

የምስክሩ ፊርማ ____________
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ ____________