ረውዳ አንደኛ ምርጫዋን ስትሞላ

— ሄሎ... ሄሎ፣ ረውዳ? ... ወዐለይኩም ሰላም፣ የኔ እህት። ... አይ፣ አልረበሽሽኝም። ማዳም ልጆቿን ይዛ ባሕሩ ዳር ወርዳለች። ጁምዓ አይደል፣ ኦብሑር ዛሬ ሰው በሰው ነው። ቤቱ ለኔና ለሰሚራ ቀርቶልናል። ... ሰሚራማ አብራኝ የምትሠራው ናት፣ የወልድያዋ፤ ነግሬሽ የለ? ሰላም ትልሻለች።

— ቆይ አንዴ... ሰሚራ፣ የኔን ሩዝ ክደኚልኝ፣ ኋላ እበላለሁ። ... እሺ ረውዳ፣ ንገሪኝ። የዩኒቨርሲቲውን ምርጫ ሞላሽው? ... እስካሁን? ዛሬ ይዘጋል ብለሽኝ የለም እንዴ? ... እሺ፣ ኢንተርኔት ቤት ነሽ። ... አንደኛ ደሴን? ... ሕግ ልትማሪ?

— ... ኧረ ደስ ብሎኛል። ደስ ብሎኛል እኮ። ታዲያ ድምፅሽ ምነው የታመመ ሰው ድምፅ ሆነ?

— ወር ሙሉ ፍልስፍና፣ ፍልስፍና፣ አዲስ አበባ ስትይ ከርመሽ... አዎ፣ አኩርፌሽ ነበር፣ አልክድም። ያለፈው ሳምንት ዑምራ የሄድኩ ጊዜ ምን እንዳደረግኩ ልንገርሽ? ካዕባው ፊት ቆሜ፣ እጄን ዘርግቼ፣ "ያረቢ፣ ረውዳን ከፍልስፍና አውጥተህ ሕግ አስገባልኝ" አልኩ። ... ወላሂ። የትምህርቱን ስም ጠርቼ። አጠገቤ ያሉት ለጀነት ያለቅሳሉ፣ እኔ ላንቺ ዲፓርትመንት። ... ሳቂ፣ ሳቂ። ሀጀርም ስቃብኛለች። ... ጀርወል ሆቴል የምታጸዳዋ ናታ፤ መካ ስሄድ እሷ ጋ ነው የማድረው። "አንቺ ሀጂራ፣ ኸይሩን የሚያውቅ እሱ፣ አንቺን ማን አስመረጠሽ?" አለችኝ።

— እና ዱዓዬ ደረሰ ልበል? ... ታዲያ ልቤ ለምን እሺ አላለም? እውነቱን ንገሪኝ፣ ሕግ ወደሽው ነው? ... ሄሎ? ትሰሚኛለሽ? ... እንግዲያ ምንድነው?

— ... እማዬ? እማዬ ምን ሆነች? ... ዓይኗ? ... ከመቼ ጀምሮ? ... እና ለኔ ለምን... እሷ ናት አትንገሪያት ያለችሽ? ... እጇን? የቱን እጇን? ... ድስቱ እሳት ላይ መሆኑን ሳታይ ጨበጠችው? ... ያረቢ።

— አላለቀስኩም። መስመሩ ነው።

— እና አንቺ ደሴን የያዝሽው በየሳምንቱ ሐይቅ፣ እማዬ ቤት እየገባሽ ልታያት ነዋ። ... እኔም ደስ እንዲለኝ ሕጉን ጨመርሽበት። አይ ረውዳ። አይ ያንቺ ነገር።

— ስሚኝ። ትንሽ ሆነሽ፣ ቁርኣን ቤት፣ ሸኹን "አላህ ሁሉን ካወቀ ለምን ይፈትነናል?" ብለሽ ጠይቀሽ ውሃ ቅጂ ብለው አላስወጡሽም? ... ውሃውን ቀድተሽ መጥተሽ እንደገና ጠየቅሽ። ... እኔ ያን ቀን አፍሬብሽ ነበር። እማዬ ግን ማታውን ለጎረቤቱ ሁሉ ስታወራልሽ አመሸች። አንቺ ከዚያን ቀን ጀምሮ ለሌላ ነገር አትሆኚም።

— እኔም እኮ አንድ የምጠይቅሽ አለኝ። አትሳቂ፣ ከምሬ ነው። እማዬ ጋ ስደውል "በላሽ?" ትለኛለች። ሳልበላ በልቻለሁ እላታለሁ። አንቺስ ስላት፣ እሷም ሳትበላ በልቻለሁ ትለኛለች። እንዳልበላች አውቃለሁ። እንዳልበላሁ ታውቃለች። ይሄ ውሸት ነው? ውሸት ከሆነ ማን ተታለለ? ካልሆነስ ምንድነው? ... እሱን አዲስ አበባ ገብተሽ ጠይቂልኝ። ... አዎ፣ አዲስ አበባ ነው ያልኩት።

— እማዬን እኔ እይዛታለሁ። ... ከዚህ ሆኜ አይደለም፣ መጥቼ። ኢቃማዬ ሊያልቅ ነው፣ የመኖሪያ ፈቃዱን አላሳድሰውም። ማዳም የመውጫ ወረቀቴን ታወጣልኛለች፣ ኻላስ፣ አገሬ እገባለሁ። ... አሁን የወሰንኩት አይደለም። ካሰብኩት ቆይቷል። ... ቆይ አንዴ። ሰሚራ፣ ቀስ በይ፣ ረውዳ ትሰማለች። ማዳምን ሁለት ዓመት እጨምራለሁ ያልኳት ትናንት ነዋ፤ የእናቴን እጅ ትናንት አላወቅኩም። ... አለሁ፣ አለሁ ረውዳ። ሰሚራ ናት፣ ስለ ሩዙ ነው።

— ቤቱ? የምልከው ብር ከቀረ ሳይለሰን ይቆያላ። እማዬ ልስን ግድግዳ ይደግፈኝ አላለችም። ... እኔ አልጎዳም፣ አብሽሪ። የሰው ልጆች አሳድጌ፣ የሰው እናት አጥቤ... የኔን እናት ማጠብ አማረኝ። እውነቴን ነው፣ አማረኝ።

— ዱዓውን? እሱን ለሀጀር ደውዬ እነግራታለሁ። ዛሬ መግሪብን ካዕባው ዘንድ፣ ሐረም ነው የምትሰግደው። "ሀጂራ ሳታውቅ ነው የጠየቀችህ፤ የረውዳን ልብ አንተ ታውቀዋለህ" ትበልልኝ። እሱ አይቀየምም።

— በይ አሁን ጻፊ። አንደኛ... ጮክ ብለሽ አንብቢልኝ። ... አዲስ አበባ። እሰይ። ... ሁለተኛ ደሴ፣ ይሁን። ... ላኪው። ያላ፣ ሳትፈሪ። ... ሄደ? ... አልሐምዱሊላህ። ... በይ አታልቅሺ፣ ሰው ያይሻል። ... እኔም እወድሻለሁ፣ ሌላ ማን አለኝ።

— መኪና ሰማሁ፣ ማዳም ሳትመጣ አልቀረችም። ሰሚራ፣ በሩን ክፈቺላት፣ ዛሬውኑ የምነግራት አለኝ። ... ልዝጋው የኔ እናት። ... ምን አልሽ? ... አዎ፣ በልቻለሁ። ... በልቻለሁ አልኩሽ እኮ፣ ጠግቤ ነው የማወራሽ። ... ምን ያስቅሻል? ... ረውዳ? ... ሄሎ?